ለስሊፐር ኦርኪድ የትኛው ብርሃን ይስማማል? መስኮት፣ የጥላ መረብ ወይስ መብራት

ስሊፐር ኦርኪድ (አበባው የጫማ አፍንጫ የሚመስል ከረጢት ያለው የኦርኪድ ወገን) ቅጠሉ እያማረ አበባ እምቢ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማዳበሪያውን ነው። ማዳበሪያው ግን እምብዛም ጥፋተኛ አይደለም። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ረዥምና ልምሾ የሆነ፣ ዓመት አልፎ ዓመት ቢተካም የማያብብ ተክል አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን አጥሮታል። በሌላ በኩል "ኦርኪድ ፀሐይ ይወዳል" ሲባል ሰምቶ ማሰሮውን ከመስታወቱ ጋር ያጣበቀ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ቅጠሉን ሊጠብሰው ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ሰፊ ነው፤ ለሁሉም ዓይነት ግን አንድ አይደለም።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከተክሉ ነው። የመስኮትዎ አቅጣጫ አይቀየርም፤ የሚገዙት ተክል ግን ሊቀየር ይችላል። ለደብዛዛ መስኮት ብርሃን ወዳድ ተክል ገዝቶ በኋላ መብራት ከመደርደር፣ ላለው ብርሃን የሚሆን ተክል መምረጥ ይቀላል። ተክሉ አስቀድሞ እጅዎ ከገባ ደግሞ መጀመሪያ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይለዩ።

ከተክሉ ይጀምሩ

ስሊፐር ኦርኪዶች አምስት ወገን ናቸው፤ በብዛት የሚተከሉት ግን ሦስቱ ናቸው። ከእስያ ሞቃት አገሮች የመጣው ፓፊዮፔዲለም (ባጭሩ ፓፍ)፣ የመካከለኛና የደቡብ አሜሪካው ፍራግሚፔዲየም (ባጭሩ ፍራግ) እና በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ብርዳማ አገሮች የሚበቅለው ሲፕሪፔዲየም ናቸው። የመጨረሻው ደጅ የሚተከል፣ በክረምት ብርድ ከላይ ደርቆ በመሬት ውስጥ የሚያንቀላፋ ስለሆነ የቤት መብራት ጉዳይ አይደለም። የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከረፋዱ በኋላ በዛፍ ሥር የተከፋፈለ ጥላ ቢያገኝ ይበቃዋል፤ እዚህ ላይ እንተወው።

ለፓፍና ለፍራግ የሚከተለው ሠንጠረዥ መነሻ ይሆናል። ሁለተኛው ዓምድ በጠራ ቀን በቀትር አካባቢ ቅጠሉ ላይ የሚለካው የፀሐይ ብርሃን ነው፤ የሚለካው በሉክስ፣ የሰው ዓይን በሚያየው የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው። ሦስተኛው በመብራት ሥር በቀን ለ12 ሰዓት ሳይቋረጥ የሚያስፈልገው ነው፤ የሚለካው በማይክሮሞል፣ ተክሉ ለማደግ በሚጠቀምበት ብርሃን መለኪያ ነው።

| ዓይነት | የቀትር ብርሃን፣ በሉክስ | በመብራት ሥር፣ በማይክሮሞል (በካሬ ሜትር በሰከንድ) |
|---|---|---|
| ዝንጉርጉር ቅጠል፣ አንድ አበባ፦ ሱካኩሊ፣ ካሎሰም፣ ባርባተም፣ ሞዲ (Maudiae) የሚባሉት ዲቃላዎች | 8,000–12,000 | 70–110 |
| አረንጓዴ ቅጠል፣ አንድ አበባ፦ ኢንሲግኔ፣ ቪሎሰምና ትልልቅ ክብ አበባ ያላቸው ዲቃላዎቻቸው | 10,000–16,000 | 90–130 |
| አጭር ወፍራም ቅጠል፦ ቤላቱለም፣ ኒቬየም፣ ዴሌናቲ፣ ማሊፖኤንሴ | 10,000–16,000 | 90–130 |
| ተራ በተራ የሚያብቡ፦ ፕሪሙሊነም፣ ግላውኮፊለም | 12,000–20,000 | 110–150 |
| ረዥም ቀበቶ መሰል ቅጠል፣ ባለ ብዙ አበባ፦ ሮትሺልዲያነም፣ ፊሊፒነንሴ፣ ስቶኔይ | 16,000–27,000 | 150–220 |
| ፍራግ ቤሴኤ | 12,000–20,000 | 110–160 |
| ፍራግ ካውዳተም፣ ፍራግ ሎንጊፎሊየም | 20,000–32,000 | 180–250 |

የቆዩ መጻሕፍት ብርሃንን የሚገልጹት በፉት ካንድል ነው። ወደ ሉክስ ለመቀየር በ10.8 ያባዙ፤ 1,000 ፉት ካንድል ወደ 10,800 ሉክስ ይመጣል።

ሠንጠረዡ ቅጠልን መለያ ቢያደርግም ዝንጉርጉርነት ብቻውን አያሳስትዎ። ዴሌናቲና ቤላቱለምም ዝንጉርጉር ናቸው፤ ቅጠላቸው ግን ወፍራምና አጭር ስለሆነ ከሱካኩሊ ትንሽ ከፍ ያለ ብርሃን ይችላሉ። ቀበቶ ቅጠል ካላቸው ውስጥ ደግሞ ሳንደሪያነም ለየት ይላል። በቦርኒዮ ጥላማ የኖራ ድንጋይ ገደሎች ላይ የሚበቅል በመሆኑ የሮትሺልዲያነምን ያህል ብርሃን ቢሰጡት ይገረጣል። በሠንጠረዡ ውስጥ ቢገባ በ12,000 እና በ16,000 ሉክስ መካከል ይቀመጥ ነበር።

አንድ ነገር ለሁሉም ይሠራል። ስሊፐር ኦርኪዶች ካትሊያ እንደሚባለው ሌላ ኦርኪድ ውኃ የሚያከማች ያበጠ ግንድ የላቸውም። ያላቸው ውኃ በቅጠልና በሥር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ሲበዛ መጀመሪያ የሚመጣው አደጋ ሙቀት ነው፤ ቅጠሉ የሚያቀዘቅዘውን ውኃ ጨርሶ ይግላል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ነፋስ ባለበት 20,000 ሉክስ ምንም ያላደረገው ቅጠል፣ አየሩ በቆመበት መስኮት ላይ በዚያው ብርሃን ሊጠበስ ይችላል።

ሳይለኩ አይምረጡ

ዓይን ለዚህ ሥራ አይታመንም። ማታ መብራት የበራበት ሳሎን ብሩህ ይመስላል፤ ቢለካ ግን 300 ሉክስ ላይሞላ ይችላል። ደመና የሸፈነው ደጅ 10,000 ሉክስና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ጥርት ያለ የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ይጠጋል። ብሌናችን እየጠበበና እየሰፋ ልዩነቱን ይደብቅብናል፤ ተክሉ ግን በደብዛዛው ቦታ ይራባል።

የመለኪያ ምርጫዎቹ አራት ናቸው፤ ዋጋቸውም ታማኝነታቸውም አይመጣጠንም።

የእጅ ጥላ ምንም አያስወጣም። በጠራ ቀን ቀትር ላይ መዳፍዎን ከቅጠሉ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይያዙ። ጣቶችዎ አንድ በአንድ የሚለዩበት ጠርዙ ስል የሆነ ጥላ ከወደቀ ብርሃኑ ለዝንጉርጉር ፓፍ በዝቷል። የእጅዎ ቅርጽ ቢታይም ጠርዙ ከደበዘዘ ለአብዛኞቹ ፓፎች ይስማማል። ጥላው መኖሩ ራሱ ካጠራጠረ አነሰ። ይህ ዘዴ ለመስኮት ጥሩ ነው፤ ብዙ ነጥብ ብርሃን ባለበት በኤልኢዲ መደርደሪያ ሥር ግን ጥላው ስለሚደራረብ አይሠራም።

የስልክ መተግበሪያ ከምንም ይሻላል። የሚያነበው ብዙውን ጊዜ ከስክሪኑ በላይ፣ ከጆሮ ማድመጫው አጠገብ ያለው ጥቃቅን ዳሳሽ ነው። ስልኩን በቅጠሉ ከፍታ ላይ ስክሪኑን ወደ ላይ አድርገው ያስተኙት፤ በእጅዎ አዘንብለው ወደ መስኮቱ አያዙሩት። ከሩብ በላይ ሊስት ስለሚችል በቁጥሩ ከመማል ይልቅ ሁለት ቦታዎችን ለማወዳደር ይጠቀሙበት።

የሉክስ መለኪያ፣ ባለ ነጭ ጉልላት ዳሳሽ የሆነው፣ ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ምርጫ ነው። ለፀሐይና ለነጭ መብራት ይታመናል። ለቀይና ሰማያዊ መብራት ግን አይሆንም፤ ሉክስ የሚመዘነው በሰው ዓይን ስሜት ስለሆነ አረንጓዴውን አግንኖ ቀዩንና ሰማያዊውን ያሳንሳል። እንዲህ ያለ መብራት ካለዎት አራተኛው ምርጫ፣ ማይክሮሞል የሚያነበው የኳንተም መለኪያ፣ ግድ ይላል። ያ ደግሞ ለጥቂት ማሰሮ ተክል ውድ ነው፤ ባለብዙ መደርደሪያ አሳዳጊ ካልሆኑ ነጭ መብራት ገዝቶ በሉክስ መለካቱ ያዋጣል።

ሉክስን ወደ ማይክሮሞል ለመቀየር የፀሐይ ብርሃን ከሆነ በ54፣ ነጭ ኤልኢዲ ከሆነ በ67 ገደማ፣ ቀዝቃዛ ነጭ ፍሎረሰንት ከሆነ በ74 ያካፍሉ። የዕለቱን ድምር ለማግኘት ውጤቱን በሰዓት ብዛትና በ0.0036 ያባዙ፤ የሚወጣው ቁጥር በካሬ ሜትር በቀን ስንት ሞል ብርሃን እንደወረደ ይናገራል። ለዝንጉርጉር ፓፍ ከ3 እስከ 5 ሞል፣ ለባለ ብዙ አበባዎቹ ከ6 እስከ 9 ሞል ጥሩ ዒላማ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። በምሥራቅ መስኮት ቅጠሉ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት 14,000፣ ቀትር 5,000፣ ከቀኑ 9 ሰዓት 2,500 ሉክስ ተነበበ እንበል። አማካዩ ወደ 7,170 ነው። በ54 ሲካፈል 133 ማይክሮሞል ይሆናል። የንጋትና የምሽቱ ጫፍ ደካማ ስለሆነ 10 ሰዓት ብቻ እንቁጠር፦ 133 × 10 × 0.0036 = 4.8 ሞል። ለሱካኩሊ በቂ ነው። ሮትሺልዲያነም ግን እዚያው ቢቀመጥ ይኖራል እንጂ አያብብም። የጠዋቱን 14,000 ብቻ አይቶ ቀኑን ሙሉ በዚያው ያሰላ ሰው ለሁለቱም ይበቃል ብሎ ይደመድም ነበር።

መስኮት ከመስኮት

የምሥራቅ መስኮት ከሁሉም ይመረጣል። ፀሐዩ በቀጥታ የሚገባው አየሩ ገና ሳይግል ስለሆነ ቅጠሉ ብርሃኑን ያለ ሙቀት ያገኛል። ዝንጉርጉር ፓፍ ከመስታወቱ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያለ መጋረጃ ሊቀመጥ ይችላል፤ ቀበቶ ቅጠሎቹ ወደ መስታወቱ መጠጋት አለባቸው።

የምዕራብ መስኮት በቁጥር የምሥራቁ እኩያ ይመስላል፤ ሉክሱ ተመሳሳይ ነው። የሚለየው ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ውሎ ፀሐዩ የሚገባው በዚያ ላይ መሆኑ ነው። ስስ ነጭ መጋረጃና ቀስ ያለ ማራገቢያ ከሌለ ለፓፍ አንመክረውም። ፍራግ ሎንጊፎሊየም ግን ማሰሮው በውኃ ሳህን ላይ ከተቀመጠ የምዕራብ መስኮትን በደንብ ይችላል።

ወደ ምድር ወገብ የሚያየው መስኮት፣ ማለትም በሰሜን ንፍቀ ክበብ የደቡቡ፣ በደቡብ ንፍቀ ክበብ የሰሜኑ፣ ከሁሉም ብርሃኑ የበዛ ነው። ለባለ ብዙ አበባዎቹና ለፍራግ የሚበቃ የቤት ውስጥ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። በብርዱ ወራት ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ጮራው ወደ ክፍሉ ጠልቆ ይገባል፤ በሞቃቱ ወራት ወደ ላይ ስለምትወጣ መስታወቱን ትታ ግድግዳው ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ በዚህ መስኮት ከባዱ የብርሃን ወቅት ሁልጊዜ ሞቃቱ ወቅት አይደለም። በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ አገሮች ደግሞ ፀሐይ በዓመት ውስጥ ከሰሜን ወደ ደቡብ ትሻገራለች፤ የሰሜኑና የደቡቡ መስኮት በየተራ ይበራሉ፣ ማሰሮውም አብሮ መዞር ይኖርበታል።

ለፀሐይ ጀርባውን የሰጠ መስኮት ለሞዲ ዲቃላ መስታወቱ ሥር ሊበቃ ይችላል፤ ለሌላው መብራት ካልተጨመረ አይሆንም።

ርቀትን አይናቁ። ከመስታወቱ 1 ሜትር ሲርቁ ብርሃኑ መስታወቱ ሥር ካለው ሩብ ወይም ከዚያ በታች መውረዱ የተለመደ ነው፤ ተክሉ ከመስኮቱ የሚያየው የሰማይ ቁራጭ ይጠባልና። በክፍሉ መሃል ጠረጴዛ ላይ ያለ ፓፍ ጌጥ እንጂ በማደግ ላይ ያለ ተክል አይደለም። ድርብ መስታወት፣ አቧራና የወባ መረብም እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። መጋረጃውንም በስሙ አይመኑት፤ "ስስ" የሚባለው መጋረጃ እንደ ሽመናው ከሢሶ እስከ ግማሽ በላይ ሊቆርጥ ስለሚችል ከጋረዱ በኋላ እንደገና ይለኩ።

ደጅና ግሪንሃውስ፦ የጥላ መረብ አመራረጥ

የመረቡ ቁጥር የሚናገረው የሚከለክለውን እንጂ የሚያሳልፈውን አይደለም። ከ100,000 ሉክስ ፀሐይ 70 በመቶ መረብ 30,000 ያሳልፋል፣ 80 በመቶው 20,000፣ 85 በመቶው 15,000፣ 90 በመቶው 10,000። ስለዚህ ለፍራግ ካውዳተም 70፣ ለሮትሺልዲያነም ከ75 እስከ 80፣ ለተቀላቀለ የፓፍ ስብስብ 85፣ ለዝንጉርጉሮቹ ብቻ ከሆነ 90 ይሆናል። መረቡ በተወለወለ መስታወት ወይም በፕላስቲክ ጣሪያ ላይ ከሆነ ጣሪያው ራሱ የቆረጠውን አስቀድመው ይቀንሱ፤ አለበለዚያ ጥላው ይደርባል።

በመደራረብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት የ50 በመቶ መረቦች ሲደረቡ 75 በመቶ ይከለክላሉ፤ ሁለተኛው የሚቆርጠው ከመጀመሪያው የተረፈውን ግማሽ ነውና። ይህ ለጥቅምም ይውላል። አንዱን ቋሚ፣ ሌላውን ተንሸራታች አድርጎ መስቀል በደመናማው ወቅት አንዱን ለመግፈፍ ያስችላል፤ ከአንድ ወፍራም መረብ ይልቅ ይህን እንመርጣለን።

ጥቁር መረብ ርካሽና ረዥም ዕድሜ ያለው ነው፤ ነገር ግን ብርሃኑን ውጦ ራሱ ይግላል። ከጣሪያው ውጭ፣ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አየር በመሃል ተትቶ ካልተወጠረ ሙቀቱን ወደ ቤቱ ያወርደዋል። ብርማ አንጸባራቂው መረብ ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚመልስ ከውስጥም ሊሰቀል ይችላል። ነጭ የጥላ ቀለም መቀባት በዓመት አንድ ረዥም የፀሐይ ወቅት ብቻ ላለበት ቦታ ይሠራል፤ ዝናብና ፀሐይ በሚፈራረቁበት ቦታ ግን አንዴ የተቀባ ቀለም በደመናው ቀን አይነሳም።

የዛፍ ጥላ መጥፎ አይደለም፤ አስተማማኝ ግን አይደለም። በቅርንጫፎች መሃል የሚገባ አንድ የፀሐይ ጮራ በአንድ ቅጠል ላይ ለአንድ ሰዓት ከቆየ ክብ የሆነ ቃጠሎ ይተዋል።

መብራት ከመብራት

ነጭ ኤልኢዲ፣ ቀለሙ ከ3,000 እስከ 4,000 ኬልቪን የሆነ፣ ዛሬ ለአዲስ ገዢ ያለ ክርክር የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ለ60 በ120 ሴንቲ ሜትር መደርደሪያ ስሌቱ እንዲህ ነው። ስፋቱ 0.72 ካሬ ሜትር ነው። ለዝንጉርጉር ፓፍ 90 ማይክሮሞል ስንፈልግ ቅጠሎቹ ላይ መውረድ ያለበት በሰከንድ 65 ማይክሮሞል ነው። ከመብራቱ ከሚወጣው ሢሶው ያህል ወደ ጎን ስለሚባክን መብራቱ 100 ያህል ማውጣት አለበት። በአንድ ዋት ከ2 እስከ 2.5 ማይክሮሞል የሚሰጥ ጥሩ ኤልኢዲ ከሆነ ከ40 እስከ 50 ዋት ይበቃል። ለባለ ብዙ አበባዎቹ እጥፍ፣ ወደ 100 ዋት ይወስዳል። እዚህ የሚታሰበው ከሶኬት የሚስበው እውነተኛ ዋት ነው፤ ካርቶኑ ላይ "የ1,000 ዋት ምትክ" የሚለውን ጽሑፍ ይለፉት።

በቅርጽ ደረጃ ረዣዥም ዘንጎችን ጎን ለጎን መደርደር ከአንድ ካሬ ፓነል ይሻላል። ዘንጎቹ ከቅጠሉ ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ብርሃኑን እኩል ይዘረጋሉ። ፓነል መሃሉን አቃጥሎ ጠርዙን ያስርባል፤ ያለዎት እሱ ከሆነ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉትና ዝንጉርጉሮቹን ወደ ጠርዝ፣ ቀበቶ ቅጠሎቹን ወደ መሃል ያስጠጉ። ጠባብ ሌንስ ያላቸው አምፖሎች ለአንድ ማሰሮ ካልሆነ አይመቹም።

ቲ5 የሚባለው ቀጭን የፍሎረሰንት ዘንግ አሁንም ይሠራል። ለዚያው መደርደሪያ ሁለት የ54 ዋት ዘንጎች ለዝንጉርጉሮቹ ይሆናሉ፣ ለባለ ብዙ አበባዎቹ አራት። ኃይሉ ከኤልኢዲው እጥፍ ገደማ ነው፣ ሙቀቱም እንዲሁ። ብርድ በሚበዛበት ክፍል ሙቀቱ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ቦታ ግን ያለዎት እስኪያልቅ ይጠቀሙበት እንጂ አዲስ አይግዙ። ዘንጉ በሁለት ጫፎቹ ደብዛዛ ስለሆነ የመደርደሪያው ዳር ላይ ያሉ ተክሎች ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድልባቸዋል።

ወይን ጠጅ ብርሃን የሚሰጡትን ቀይና ሰማያዊ መብራቶች ለስሊፐር ኦርኪድ አንመርጥም። ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም። በፓፍ ቅጠል ላይ የአየር ቀዳዳዎቹን የሚከፍቱና የሚዘጉት ሴሎች፣ ከአብዛኞቹ ዕፅዋት በተለየ፣ ክሎሮፕላስት (ብርሃንን ወደ ምግብ የሚቀይረው አረንጓዴ አካል) የላቸውም፤ ለመከፈት በይበልጥ የሚደገፉት በሰማያዊ ብርሃን ላይ ነው። ቀዩ የገነነበት መብራት ስለዚህ አይመቻቸውም፤ ነጭ መብራት ግን በቂ ሰማያዊ ይዟል። በዚያ ላይ በወይን ጠጅ ብርሃን ሥር የቅጠል መገርጣትም ሆነ የነፍሳት ጥቃት በዓይን አይለይም።

የሰዓቱ ጉዳይ አጭር ነው። ታይመሩን መብራቱ በቀን ለ12 ሰዓት እንዲበራ ይሙሉት፤ መብራቱ ትንሽ ከደከመ 14 ያድርጉት። 65 ማይክሮሞል ብቻ የሚሰጥ መብራት 16 ሰዓት ቢበራ 3.7 ሞል ያደርሳል፣ ያም ለዝንጉርጉር ፓፍ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማስረዘም ግን የጨለማውን ሰዓት መብላት ነው። ኢንሲግኔና ዘመዶቹ ሌላ ነገር ይጠይቃሉ፦ አበባ እንዲያነሡ በመኸር ለጥቂት ሳምንታት ሌሊቱ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ መውረድ አለበት። ቀኑን ሙሉ በሞቀ ክፍል ውስጥ የትኛውም መብራት ይህን አይተካም።

ሲለኩ መደርደሪያውን በዘጠኝ ነጥብ ይለኩት፤ ሦስት ከፊት፣ ሦስት ከመሃል፣ ሦስት ከኋላ። መለኪያው የሚቀመጠው በላይኛው ቅጠል ከፍታ እንጂ በማሰሮው አፍ ላይ አይደለም። ትንንሾቹን በተገለበጠ ባዶ ማሰሮ ላይ ከፍ ማድረግ መብራቱን ከማውረድ ይቀላል።

ቅጠሉን ማንበብ

ቁጥሩ መነሻ ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው አዲሱ ቅጠል ነው። አሮጌው ቅጠል ያደገው በሸጠልዎት ሰው ቤት ብርሃን ስለሆነ ስለ እርስዎ ቤት አይመሰክርም። ከመሃል የወጣውን የመጨረሻ ሙሉ ቅጠል ከእሱ በፊት ካለው ጋር አጠጋግተው በማስመሪያ ይለኩ። አዲሱ ረዝሞ ከጠበበ፣ ራሱን መሸከም አቅቶት በማሰሮው ጠርዝ ላይ ከተኛ፣ ብርሃን አንሷል። አጥሮ፣ ጠንክሮ፣ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመና ቀለሙ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ካደላ በዝቷል። በዝንጉርጉሮቹ ላይ ምልክቱ ቀድሞ ይመጣል፤ በጥቁሩና በነጣው አረንጓዴ መካከል ያለው ልዩነት ይደበዝዛል።

ቢጫነት ሁሉ ግን ከብርሃን አይመጣም፤ ለመለየት ቦታውን ይዩ። በብርሃን የገረጣ ቅጠል የሚገረጣው ወደ መስኮቱ ወይም ወደ መብራቱ በዞረው ፊቱ ነው፤ በሌላ ቅጠል ጥላ ሥር የነበረው ክፍል አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፣ ድንበሩም ይታያል። ናይትሮጅን ሲያንስ ቢጫው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ይጀምርና ቅጠሉን ሙሉ ይወስዳል። ማግኒዚየም ሲያንስም ከአሮጌው ይጀምራል፤ በዚህኛው ግን የቅጠሉ መሃል ጅማት አካባቢ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ተክሉ በሙሉ ገርጥቶ ቅጠሎቹ ከተጨማደዱ ከማሰሮው አውጥተው ሥሩን ይዩ፤ ሥር የሌለው ተክል ብርሃን ቢቀንሱለትም አይድንም።

የተቃጠለ ቦታ መጀመሪያ ነጣ ብሎ፣ ቆይቶ ደርቆ ቡናማ ይሆናል፤ ጠርዙ ቁርጥ ያለ ነው፣ አይስፋፋም። እየረጠበና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ቦታ ባክቴሪያ ነውና ብርሃኑን ትተው የታመመውን ክፍል ቶሎ ይቁረጡ።

ከሁሉም የሚቀድመው ፈተና መዳሰስ ነው። ፀሐዩ በጠነከረበት ሰዓት ቅጠሉን በሁለት ጣት መካከል ይያዙት። ቀዝቀዝ ካለ ወይም ከክፍሉ አየር ጋር እኩል ከሆነ ደህና ነው። ሞቅ ካለ መለኪያው ምንም ይበል ምን፣ ያን ቀን ከዚያ ቦታ ያንሱት ወይም አየር ያንቀሳቅሱለት።

ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ

ብርሃን መጨመር በደረጃ ነው። ወደ ዒላማው ለመድረስ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፍቀዱ፤ በየሳምንቱ ሢሶ ያህል እያስጠጉ ወይም መጋረጃውን በቀን ጥቂት ሰዓት እየገፈፉ። ከመስኮት ወደ ደጅ ሲወጣ ጥንቃቄው ይብሳል፤ መስታወት አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ስለሚያስቀር ቤት ያደገ ቅጠል በዚያው ሉክስ ደጅ ሊቃጠል ይችላል። መቀነስ ግን በአንድ ቀን ቢሆንም ጉዳት የለውም።

ብርሃን ሲጨምር ውኃውም አብሮ ይጨምራል። በ10 ሴንቲ ሜትር ማሰሮ፣ መካከለኛ የዛፍ ቅርፊት ላይ የተተከለ ፓፍ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ሊደርቅ መቃረብ አለበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ብርሃኑ አንሶ ተክሉ ውኃውን እየጠጣ አይደለም ማለት ነው፤ ሥር መበስበስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በደብዛዛ ክፍል ሥራቸው የሚሞትባቸው ተክሎች ብዙ ጊዜ የሚከሰሱት በውኃ ብዛት ነው፤ የመጀመሪያው ምክንያት ግን የብርሃን ማነስ ነው።

ባለ ብዙ አበባዎቹን በተመለከተ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የሮትሺልዲያነም አንድ ቡቃያ እስኪጎለምስ ከሁለት ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ብርሃኑን አስተካክለው በስድስት ወር አበባ ካልመጣ መልሰው አይቀያይሩት። አዲሱ ቅጠል ከቀድሞው ሰፍቶና ጠንክሮ ከመጣ መንገዱ ትክክል ነው።

የአበባ ዘንግ ከታየ በኋላ ማሰሮውን አያዙሩ። እምቡጡ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ብርሃኑ ነው፤ በመሃል ከዞረ አንገቱ ተጣሞ አበባው ወደ ጎን ያያል። በብርሃኑ በኩል ባለው የማሰሮ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ይለጥፉ፤ ለማጠጣት ሲያነሡት ምልክቱን አይተው በዚያው አቅጣጫ ይመልሱት። አበባው ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ጥቂት ቀን ከቆየና ቅርጹ ከጠነከረ በኋላ ተክሉ ወደ ሳሎን ሊወጣ ይችላል፤ በቀዝቃዛና ደብዘዝ ባለ ቦታ የአንድ ፓፍ አበባ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆያል። ሲረግፍ ወደ ቀድሞ ቦታው ሲመልሱት ግን ደብዛዛ ቦታ የከረመ ቅጠል ነውና የመጀመሪያውን ሳምንት በመጋረጃ ጀርባ ያሳልፍ።